ድኜ የታመምኩባቸው ሳምንታት

ሐኪሞቹ ጣፊያዬ ውስጥ ያዩትን ነገር ካንሰር ሊሆን ይችላል ብለው ተናገሩ። ሚስቴ፣ ልጄና የሚስቴ ወንድም ይህን እያወቁ ለእኔ "ስትወድቅ የቋጠረ ደም ነው" አሉኝ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በገዛ ገላዬ ጉዳይ ዋሹኝ። የተፈጸመብኝ በደል ይህ ነው። አላሳመርኩትም፣ አላጋነንኩትምም።

እኔ የፈጸምኩት ከዚህ ይብሳል። እሱን እስከ ዛሬ ከአንድ ሰው በቀር ማንም ከአፌ አልሰማም፤ ያም ሰው የበደልኩት ሰው ነው። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለምን ብትሉ እሳቸውም ከዋሹኝ አንዱ ነበሩ። ቤቴ መጥተው መስቀላቸውን ጎኔ ላይ አሳርፈው "ለዚች ለቋጠረች ደም" ብለው ጸልየውልኛል፤ እውነቱን እያወቁ። ታዲያ ሄጄ እግራቸው ሥር ወድቄ "አባቴ፣ ዋሽቻለሁ" ልበላቸው? እሳቸውስ ለማን ይናዘዛሉ? ስለዚህ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም። መስቀልም አልያዛችሁም።

ዘውዴ እባላለሁ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ዌርሃውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን ነው የምሠራው። በ2013 ታኅሣሥ ላይ ከመጫኛው መድረክ ተንሸራትቼ በግራ ጎኔ ወደቅሁ። አለቃዬ ኢመርጀንሲ ሂድ አለኝ፤ ደህና ነኝ ብዬ ሺፍቴን ጨረስኩ። ሲነጋ ግን ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር ጎኔ ይወጋኝ ጀመር። ሜሮን ወሰደችኝ። ሜሮን አንዲት ልጄ ናት። ኮሮና ስለነበር ከበሽተኛ ጋር የሚያስገቡት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷ ገባች።

ሲቲ ስካን አነሱኝ። የጎድን አጥንቴ ደህና ነው። ጣፊያዬ ውስጥ ግን ሌላ ነገር አዩ፤ እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ፣ ውሃ የያዙ ከረጢቶች። መውደቄ ያመጣቸው አይደሉም። ለዓመታት እዚያው ተቀምጠው ኖረዋል፤ ባልወድቅ ኖሮ ማንም አያውቃቸውም ነበር።

ይህን ያኔ የማውቅ እንዳይመስላችሁ። ያኔ የማውቀው ሜሮን የነገረችኝን ብቻ ነው። ነርሷ "በስልክ አስተርጓሚ ላቅርብልህ?" ስትለኝ "ልጄ አለች" ብዬ የመለስኩት ራሴ ነኝ። ይህን አልክድም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ካርቱም ውስጥ፣ በስደት ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛውን ደግሞ እዚህ መጥቼ ከሜሮን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ነው የለቀምኩት፤ እሷ ስድስት ዓመቷ፣ እኔ አርባ ያለፍኩ፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን። ደብዳቤ ሲመጣ እሷ። ባንክ ስንሄድ እሷ። አንድ ሰው ዓይኑንና አፉን ለሌላ ሰው ሲያበድር ምን እየሰጠ እንደሆነ ያውቃል? እኔ አላወቅሁም።

ዶክተሩ ሲናገር ወደ እኔ እንጂ ወደ እሷ አያይም። ያ ደስ አለኝ። ብዙ አወራ። እጁን እያፍታታ፣ ስክሪኑ ላይ እየጠቆመ፣ ቆም እያለ አወራ። ሜሮን ስትሰማ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

"ባባ፣ ስትወድቅ ደም ቋጥሯል ነው የሚለው። ያዩታል።"

"ይህን ሁሉ አውርቶ ይቺን ብቻ ነው ያለው?"

"እንግሊዝኛ ረዥም ነው ባባ" አለችኝ።

ሳቅሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳቅሁ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ስለ ውሻ ጠየቀኝ። ውሻ የሚገባበት ቄራ ወይም ሥጋ ቤት ሠርተህ ታውቃለህ ወይ ነው ጥያቄው። ይህቺን ሜሮን በትክክል ተረጎመችልኝ፤ መልሱን ስለምትፈልገው። "አዲስ አበባ ሥጋ ቤት ነው ያደግሁት፤ ጣፊያውን ለማን ይመስልሃል የምንወረውረው?" አልኩት። እሱ አልሳቀም፤ ጻፈው። ከውሻ የሚመጣ ትል አለ፤ የሰው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ገብቶ ልክ እንደዚያ ያለ ውሃ የያዘ ከረጢት ይሠራል። እሱ ከሆነ በመርፌ መንካት አደጋ ነው፤ ፈሳሹ ከፈሰሰ ሊገድል ይችላል። ደሜን መረመሩ፤ ትሉ የለም። ኤምአርአይ ውስጥ አስገቡኝ። ከረጢቶቹ ከበፊቱ ይልቅ ጠርተው ታዩ፣ ምንነታቸው ግን አልታወቀም። ምንም የማይጎዳ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ የሊምፍ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ፎቶው ብቻውን አይፈርድም። መርፌ አስገብተው ናሙና እንዳይወስዱ ደግሞ ጣፊያ ደም የሞላበት ነገር ነው፤ ከደማ አይቆምም። ስለዚህ የሚታወቀው አውጥተው፣ ቆራርጠው፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ብቻ ነው። ዶክተሩ ይህን ሁሉ ተናገረ።

ወደ እኔ የደረሰው "ደሙ አልሟሟም አለ፤ ጣፊያህ ይወጣል" የሚል ነው።

ጣፊያ የሌለው ሰው ለአንዳንድ በሽታ ይጋለጣል ተብሎ አስቀድሞ ክትባት ተወጋሁ፤ በአንድ ክንድ አንድ፣ በሌላው ሌላ። "ለቋጠረ ደም ስንት መርፌ ነው የሚወጋው?" አልኳት ሚስቴን አስካለን። "እዚህ አገር እንዲህ ነው፣ ሁሉ ነገር ክትባት ነው" ብላ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። የአስካለ ፊት ውሸት አይችልም፤ ያን ሰሞን ምድጃው ላይ የምትሠራው ነገር በዛ።

ካሳሁን ደግሞ ከሚኖርበት ከከተማው ዳር፣ ከፒከሪንግተን ይመላለስ ጀመር። ካሳሁን የአስካለ ወንድም ነው። አገር ቤት አስተማሪ ነበር፤ እዚህ የራሱን ትራክ ይነዳል። ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ "ዘውዴ" ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ሰው ሲሰበሰብ "አማቼ ሀሁ ከፂሙ በኋላ ነው የበቀለለት" ብሎ ያስቅብኛል። ያን ሰሞን በድንገት "ጋሼ ዘውዴ" አለኝ። ትራስ አስተካከለልኝ። የምናገረውን ሁሉ "እውነትዎን ነው ጋሼ" አለ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። ካሳሁን ጋሼ ካለህ ወይ ሞተሃል ወይ ልትሞት ነው።

የምን ልማድ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰማል፣ ዘመድ ይመክራል፣ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። እኔም አድርጌዋለሁ። የአስካለ እናት አገር ቤት ሲያርፉ ሰምቼ ቅዳሜ እስኪመጣና ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ድረስ ከእሷ ጋር ስበላ ስጠጣ ሰነበትኩ። ያኔ ደግነት መሰለኝ። አሁን ስጠየቅ ምን እላለሁ? ያኔም ውሸት ነበር። ግን ያ የሌላ ሰው ሞት ነው። ይሄኛው የእኔ ነበር። የእኔን ሞት ከእኔ ደብቀው ለሦስት ተካፈሉት።

የካቲት ላይ ለቀዶ ጥገናው ሆስፒታል ገባሁ። ሜሮንን ከበሩ መለሷት፤ የኮሮናው ሕግ በዚያ ሳምንት ጠብቆ ነበር። ቀሚስ አልብሰው አስተኙኝ። ነርሷ መንኮራኩር ባለው ዘንግ ላይ የታሰረ ታብሌት እየገፋች መጣች፤ ከውስጡ ፊቷ የማይታይ ሴት በአዲስ አበባ አማርኛ "ጤና ይስጥልኝ፣ የዛሬው አስተርጓሚዎ እኔ ነኝ" አለችኝ። ዶክተሩ መጣ። ተናገረ። ሴትየዋ ተረጎመች።

"ባለፈው እንደነገርኩዎት፣ ካንሰር መሆን አለመሆኑን የምናውቀው ካወጣነው በኋላ ነው። ጥያቄ አለዎት?"

"የቱ ካንሰር?" አልኩ።

ሴትየዋ ጠየቀችው። እሱ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሲቲውን፣ ከረጢቶቹን፣ ትሉን፣ ኤምአርአዩን፣ ሊምፉን። ከላይ የጻፍኩላችሁን ሁሉ የሰማሁት ያኔ ነው። "ይህን ለልጅዎ ነግሬያት ነበር" አለ በመጨረሻ። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተረጎመችልኝ። ቀዶ ጥገናውን አሁንም ትፈልጋለህ ወይ አለኝ። እፈልጋለሁ አልኩ። ከዚያ ሌላ አንድ ነገር አልኩ፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። "ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ውጤት ከእኔ በቀር ለማንም እንዳትነግሩ። ልጄ በስልኳ የምታየውን የሕክምና መዝገቤንም ዝጉባት" አልኩ። መብትዎ ነው አሉኝ። ዘጉት።

ስነቃ ጣፊያ የለኝም። ወደ ቤት ስመለስ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ተመለስኩ። እንዳወቅሁ አልነገርኳቸውም። "ቁራጩን ለሌላ ሐኪም ልከውታል፤ ይቆያል አሉ" አልኳቸው። ይህ እውነት ነበር፤ ያልተለመደ ነገር ስለሆነባቸው ልከውት ነበር። ሦስቱም ተያዩ። እነሱ እኔ የማላውቅ መስሏቸው ይተያያሉ፤ እኔ እነሱ የማያውቁትን አውቄ አያቸዋለሁ። እንዴት ያለ ቤት ነው ይሄ?

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ብቻዬን ቤት ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። አስካለ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ሥራ ላይ ናት፣ ሜሮን ፋርማሲ የሚሉት መድኃኒት ቤት ሥራ ላይ ናት። ዶክተሩ ነው፤ ከእሱ ጋር አስተርጓሚ፤ ያችው ትሁን ሌላ አላውቅም።

"ውጤቱ ደርሷል። ሊምፋንጂዮማ ይባላል። ካንሰር አይደለም።"

ከደም ሥር ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ ሊምፍ የሚባሉ ቀጫጭን የፈሳሽ ቱቦዎች አሉ፤ እነሱ ገና ስንፈጠር ተዛብተው ሲያድጉ ውሃ እየያዙ ከረጢት ይሆናሉ። አይዛመትም። ብዙ ጊዜ የሚታየው በሕፃናት ላይ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ሰው፣ ያውም ጣፊያ ውስጥ፣ እምብዛም ስለማይገኝ ነው ማረጋገጡ የዘገየው። የከረጢቶቹን ግድግዳ በልዩ ቀለም እያቀለሙ አይተው ነው የለዩት። ከእንግዲህ መድኃኒት የለም፣ ጨረር የለም። ትኩሳት ከያዘህ ብቻ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ና፤ ጣፊያ የለህምና። ዶክተሩ ጨርሶ ዝም ሲል አስተርጓሚዋ ከራሷ ጨምራ "እንኳን ደስ ያለዎት አባቴ" አለችኝ። ከራሷ መጨመር አይፈቀድላትም። ጨመረች።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን አይታችሁ እንዳታዝኑልኝ። አልቅሼ ስጨርስ ፊቴን ታጠብኩ፤ አስካለ ስትገባ "ዛሬስ ከሐኪም ወሬ አለ?" አለችኝ። "የለም" አልኩ።

የለም አልኩ። ያቺ ቃል ናት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት ልንገራችሁ? ጥሩ ነበሩ። አዎ፣ ጥሩ ነበሩ፤ ካልኩ አይቀር ልበለው። ካሳሁን በየእሑዱ ጸበል በጠርሙስ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን እግሬን ላጥብልዎ አለኝ፤ ፈቀድኩለት። አስተማሪው ጎንበስ ብሎ የእኔን የመሃይሙን ጣቶች አንድ በአንድ ሲያሽ ከላይ ሆኜ መላጣውን አየሁ። "ጋሼ፣ ያስቀየምኩዎ ነገር ካለ ይቅር ይበሉኝ" አለ። "ምን አስቀይመኸኝ ታውቃለህ?" አልኩት፣ እስኪ በራስህ አፍ ተናገር ብዬ። እንደማያውቅ ሆኖ ውሃውን ደፋ። እሱ ያን ዕለት እውነቱን ቢናገር ኖሮ እኔም እናገር ነበር እላለሁ ለራሴ። እናገር ነበር? አላውቅም። ውሸት የጀመረ ሰው ሰበብ አያጣም።

አስካለ ታሳዝነኝ ነበር። ግን አስካለ አይደለችም የዚህ ታሪክ ባለዕዳዬ። ሜሮን ናት።

ሜሮን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሚኒሶታ ያለ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር። ከልጅነቷ የምትፈልገው እሱን ነው፤ ምናልባት የእኔን የመድኃኒት ጠርሙስ ጽሑፍ ስታነብልኝ አድጋ ይሆናል። ቦታው የሚጠብቃት መጋቢት እስኪያልቅ ነው። እመጣለሁ ወይም አልመጣም ማለት አለባት። ይህን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ቀኑ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

አንድ ማታ ምግብ አቅርባልኝ አጠገቤ ተቀመጠች። "ባባ፣ ሚኒሶታ ልሂድ? ወት ዱ ዩ ቲንክ?"

እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። እስከ ዛሬ እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። ልጄ ጠየቀችኝ። መልሱ በእጄ ነው። "ሂጂ፣ ድኛለሁ" ሁለት ቃል ነው፤ ፊደል መቁጠር አይጠይቅም።

"እንደ ልብሽ" አልኳት። ድምፄንም ትንሽ አደከምኩት።

ለምን? ተናድጄ ነበር፤ እሱ አንድ ነው። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት በእሷ ነው፤ አስካለና ካሳሁን ዋሹኝ፣ እሷ ግን በገዛ አፌ ነው የዋሸችኝ፤ አፌ እሷ ነበረችና። ግን ንዴት ብቻ ነበር ብላችሁ ከደመደማችሁልኝ እያገዛችሁኝ ነው፤ አታግዙኝ። እንድትሄድ አልፈለግሁም። ሄዳ ስትቀር ማን ደብዳቤ ያነብልኛል? ማን ከቢሮ ቢሮ ይዞኝ ይሄዳል? በንዴቴ ውስጥ ስስቴን ደብቄ፣ ቅጣት ነው ብዬ ስም አወጣሁለት።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ፣ ጠዋት፣ ሻይ ልቀዳ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ ድምፅዋን ሰማሁ። ለትምህርት ቤቱ ደውላ ታወራለች። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፤ ለዚያች ግን ይበቃል። "አባቴ ታሟል" አለች። "አልመጣም" አለች። "አይ አንደርስታንድ፣ ታንክ ዩ" አለች። እኔ ከበሩ ወዲህ ባዶ ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ። ስልኩ ገና አልተዘጋም። ገፋ አድርጌ መግባት ነበረብኝ። እጄን ማንሳት ነበረብኝ። ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። ዘጋችው፣ ዝም አልኩ። ወንበር ስባ ስትቀመጥና እናቷ እንዳትሰማ ፊቷን በክንዷ ውስጥ ቀብራ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ወደ መኝታ ቤቴ ተመልሼ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ፤ ዝም አልኩ።

የምናዘዘው ይህን ነው። ሌላው ሁሉ ማሟያ ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቀጠሮዬ ደርሶ ብቻዬን ሄጄ መጣሁና "ውጤቱ ደረሰ፤ ነጻ ነህ አሉኝ፤ ካንሰር አይደለም" አልኳቸው። አስካለ እልል ብላ ወለሉ ላይ ተደፋች። "ካንሰር" ስል ማንም "እንዴት አወቅህ?" ብሎ አልጠየቀኝም፤ በደስታ መሃል አለፈ። እስከ ዛሬም ሦስቱ ተሰብስበው "ደብቀንህ ነበር፣ በድለንሃል" አላሉኝም። አንድ ቀን እንኳን። ይህን ጽፌ አኖራለሁ፤ የእኔ ኃጢአት የእነሱን አያጥብም።

ካሳሁን ግን ተአምር አደረገው። ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡበት፣ ጸበሉ ያጠበው ካንሰር ሆነ። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ አያውቅም፤ አላውቅም ነው ያለው። ካሳሁን በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ይተርከዋል፤ "ከትንሣኤው በፊት ትንሣኤውን በአማቼ አየሁ" ይላል። ሰው ወደ እኔ ዞሮ ያያል፤ ራሴን እነቀንቃለሁ። በእግዚአብሔር ስም የተነገረ ውሸት ላይ ራሴን ነቀነቅሁ። አማቼ ግን ከተአምሩ በኋላ ሳምንት ሳይሞላው "ዘውዴ" ወደማለቱ ተመለሰ።

ሜሮን መድኃኒት ቤቱ ሥራዋን ቀጠለች። ዘመድ ሁሉ "ለአባቷ ስትል ትምህርቷን የተወች" እያለ ያመሰግናታል። ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ እሷ እየነዳች በክሊቭላንድ አቬኑ ወደ ቤት ስንመለስ እንዲህ አለችኝ፤ ሳልጠይቃት።

"ባባ፣ ታውቃለህ፣ ስለ ሚኒሶታ አይቆጨኝም። አንተን መልሶ ሰጠኝ አይደል? ኢት ዋዝ ወርዝ ኢት።"

ብትረግመኝ እችለው ነበር። ምስጋናዋን አልቻልኩም።

"ያን ጠዋት ስትደውዪ ሰምቼሻለሁ" አልኳት። "ድኜ ነበር። ቀደም ብለው ነግረውኛል።"

አንድ የሐበሻ ጎማ ቤት በር ላይ መኪናውን አዞረችና አቆመች። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው።

"ዩ ኒው?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ስጠይቅህስ? ራት ላይ?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ የደበቅኩህ እንዳትፈራ ነው" አለች፤ አሁን በአማርኛ፣ እየጮኸች። "ኻያ ሁለት ዓመቴ ነበር ባባ! ዶክተሩ ካንሰር ሲለኝ ብቻዬን ነበርኩ! እማዬም አጎቴም እንዳትነግሪው አሉኝ፣ ማታ ማታ ሻወር ከፍቼ ነው የማለቅሰው! አንተ ለምንድን ነው የደበቅከኝ?"

ተናድጄ ነው አልኳት። እንዳትሄጂብኝም ብዬ ነው አልኳት። ሁለቱንም አልኩ። ከጎማ ቤቱ አንድ ልጅ እግር ወጥቶ "ጋሼ፣ ጎማ ነው?" አለኝ በመስኮቱ፤ ዓይኑ እሷ ላይ ሲያርፍ ወደ ኋላው ተመለሰ። እሷ ከመኪናው ወርዳ በእግሯ ሄደች። መኪናውን እኔ ወደ ቤት ነዳሁት።

ከዚያ በኋላ እዚያው ቤት እየኖረች ጨው አቀብለኝ ከማለት በቀር አላናገረችኝም። ለእናቷ አልነገረችብኝም። "እማዬ ተአምሯ ይቅርላት፣ አትንካባት" አለችኝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊቷን ሳታዞር። እንደገና አመለከተች። ሚኒሶታ በዚህኛው ዙር አልተቀበላትም፤ ያ ቦታ ሄደ። የተቀበላት ሌላ፣ ሩቅ፣ እሷ ያልመረጠችው ትምህርት ቤት ነው። እኔ የወሰድኩባት ምን እንደሆነ ለማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እሱን ነው።

የደብዳቤዬን ነገር ብትጠይቁኝ ራሴ አነባለሁ። ቀስ እያልኩ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ። ሆስፒታል ስሄድ ታብሌቱን አምጡ እላለሁ። መጀመሪያውኑ ይህን ማድረግ እችል ነበር። ማንም አልከለከለኝም።

ይቅርታ እንድታደርጉልኝ አልጠይቅም። አታውቁኝም፣ ምን አግብቷችሁ። አስካለና ካሳሁንም ይህን ካነበቡ፣ አስቀድመው የራሳቸውን ይናገሩና ከዚያ ይጠይቁኝ። ንስሐ አባቴም እንደዚሁ። ሦስት ሰው ዋሽቶኛል፣ አራተኛው ጸልዮበታል፤ ይህን ሁሉ ደምሬ ግን ያን ጠዋት ከበሩ ወዲህ መቆሜን የሚቀንስልኝ አላገኘሁም። ቀንሱልኝም አልልም።

ሜሮን የሄደች ዕለት ዕቃዋን ካሳሁን ትራክ ላይ ጭኖ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቃት ነው። አስካለ ዳቦ ልትቋጥርላት ገባች። ሜሮን ወደ እኔ መጣች። አላቀፈችኝም።

"ይቅር ብዬሃለሁ እንድልህ አትጠብቅ ባባ። ገና አላልኩም።"

"አልጠበቅሁም።"

"ግን አንድ ነገር እንስማማ። ስታመም እነግርሃለሁ። ስትታመም ትነግረኛለህ። ስትድንም ትነግረኛለህ። በዚያው ቀን። ሌላ ሰው ሳይሰማ።"

"አንቺም ሳታሳጥሪ" አልኳት።

መሳቅ ፈልጋ ተወችው። እጇን ዘረጋች፤ እንደ ወንድ፣ እንደ ነጋዴ። ጨበጥኳት። ካሳሁን "ሜሪ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እንውጣ እንጂ!" እያለ ጥሩንባ ነፋ። ሄደች።

በእኔና በልጄ መካከል የነበረው ነገር በዚህ ውል ተቋጨ፤ ቅዳሜ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.።